ፀሐይ ሲሞቁ

ላሊበላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬው ሁሉ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። አይፈረድበትም፤ አለት ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ያየ ዓይን ሌላ ነገር ለማየት አይቸኩልም። እኔ ግን ላስታ ሲባል ቀድመው ድቅን የሚሉብኝ ጭላዳዎቹ ናቸው፤ ያውም በኅዳር ውርጭ ፀሐይ ሲሞቁ።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለውም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘር ሁሉ ሣር ግጦ የሚያድር እሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደፍሩት ገደል ላይ ተጣብቆ ያሳልፍና ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። ይህን መጽሐፍም ይነግራችኋል። አወጣጡን ለማየት ግን ከላሊበላ በላይ፣ ከፍታው 4,200 ሜትር ወደሚያልፈው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ መሄድና በጠዋት መበርደድ ያስፈልጋል።

እኔ የሄድኩት በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ጓሳው በአመዳይ ነጥቷል። መጀመሪያ ከገደሉ ሥር ጉምጉምታ ይሰማል፤ ሽማግሌዎች ሸንጎ የተቀመጡ ይመስላል። ቀጥሎ አንድ ጥቁር እጅ አፋፉን ይጨብጣል። ከዚያ ገመሬው ከነጎፈሩ ብቅ ይላል፤ ዙሪያውን ያያል፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ዘፍ ይላል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ ፀሐይዋ ስትነካው ፍም ይመስላል። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው ይከተላሉ። የሚገርመው፣ ሌሊቱን ጦም አድረው ወዲያው ሣር ላይ አይረባረቡም። ይሞቃሉ። አንዷ የሌላዋን ፀጉር እየከፈለች ትቀምላለች፤ ግልገሎቹ ይላፋሉ፤ ገመሬው ያንጎላጃል። የገብስ ጠባቂው ልጅ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እኔም በካፖርቴ ተጠቅልዬ፣ እንደነሱ ወደ ምሥራቅ ዞረን ተቀምጠናል።

በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ ማናቲ የሚባል ግዙፍ የውኃ እንስሳ አለ። ብርዱ ወር ሲገባ ባሕሩ ስለሚቀዘቅዝበት የከርሰ ምድር ምንጭ ወደሚፈልቅባቸው ወንዞች ይሰደዳል። ሕዝቡም ገንዘብ እየከፈለ ሊያየው ይጎርፋል። የማናቲ ምንጭ ላይ ግን ገብስ የዘራ ሰው የለም።

እዚህ አለ። መሬት ጠቧልና ማሳው ወደ ሣሩ፣ ሣሩም ወደ ገደሉ ተገፍቷል። ልጁ ወንጭፉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣

«ጋሼ፣ እናንተ አገር ዝንጀሮ አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ገብሱን ምን ይበላዋል?»

አዲስ አበባን እንዴት እንደማስረዳው ጠፋኝ።

አያቱን ከማሳው ዳር አገኘኋቸው። ጭላዳዎቹን ይጠሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እንግዳ ሲመጣ የመንግሥት ናቸው፤ ሲቀር የእኔ ዕዳ» አሉኝ። እንግዳው በእርግጥ ቀርቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። በቅሎ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ጓዝ የሚሸከመው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጭላዳው ግን አልቀረም፤ በየማለዳው ይወጣል፤ ገብሱም ሲያሽት ያያል። እኛ ከተሜዎች «የአገር ሀብት» የምንለውን እንስሳ የሚቀልበው ይህ ሽማግሌ መሆኑን ማንም በደብዳቤ አመስግኖት አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አይጨርሷቸውም?» አልኳቸው በድፍረት።

ሳቁ። «ልጄ፣ እነሱም እኮ ብርድ ነው ያወጣቸው። እስቲ ይሙቁ። ገብሱ ጋ ሲደርሱ ያን ጊዜ እንተያያለን።»

ሦስት ሰዓት ገደማ መንጋው እየጋጠ፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደ ማሳው ቀረበ። ልጁ ተነሣ። ወንጭፉን ሁለቴ አዙሮ ለቀቀው፤ ድንጋዩ ከገመሬው ፊት አንድ ክንድ ያህል ርቆ አረፈ። ገመሬው ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየው። ልጁም ጥርሱን አሳየው፤ ሌላ ድንጋይም አነሣ።