ነገ ይነግሩኛል

የቤት ሥራው አጭር ነበር። ዕድሜው ከሰማንያ ያለፈ ሰው ፈልጉ፤ በዓይኑ ያየውን አንድ ታሪካዊ ክስተት ጠይቁት፤ ድምፁን ቅረጹ፤ ከዚያ 1500 ቃል ጻፉ። ይህን መመሪያ ያነበብኩት ሮም፣ ሳን ሳባ በሚባለው ሰፈር፣ የ92 ዓመት ባልቴት ማድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሴትዮዋ ከግድግዳው ወዲያ ተጋድመዋል፤ ሳላቸው ይሰማኛል። እኔ ስልኬን አንስቼ ለአንዲት ጓደኛዬ "የምጠይቀው ሽማግሌ ከየት ላምጣ?" ብዬ ጻፍኩላት።

መልእክቷን እስካሁን አላጠፋኋትም። ራሴን መቅጣት ስፈልግ እከፍታታለሁ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል የምሰማው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ እዚህ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ የለመድኩት እሱን ነው። ከስድስት ኪሎ የወጣሁት ታሪክ እያጠናሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ነው። ሮም ስደርስ እንደ ብዙዎቻችን "ፊሳ" ገባሁ። አሮጊት ወይም ሽማግሌ እየጦሩ እዚያው ማደር ማለት ነው። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍት ነው፤ በቀረው ቀን መድኃኒት ይቆጠራል፣ ሾርባ ይሠራል፣ ገላ ይታጠባል። አሥር ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ በ2020 ፌብሩዋሪ በኢንተርኔት የሚሰጥ የታሪክ ኮርስ አገኘሁ። ስድስት የጽሑፍ የቤት ሥራ አለው። ስድስቱንም ያለፈ ተማሪ ያለ ክፍያ ወደ ዲግሪው ይሻገራል። እንደኔ ትምህርቱን በአጭር ለቀጨ ሰው እንዲህ ያለ በር ሁለት ጊዜ አይከፈትም።

ጊዜ አጣሁ እንዳልል፣ ማርች 9 ቀን ጣሊያን በሙሉ በኮሮና ተዘጋች። ሐሙሱም እሑዱም ቀረ። ከሲኞራዋ ጋር (የምጦራቸውን ባልቴት የምጠራቸው እንዲህ ነው) ሁለታችን ብቻ፣ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ መስኮት። ከዚያ የበለጠ ጊዜ በሕይወቴ አላገኘሁም፤ ወደፊትም የማገኝ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት የቤት ሥራዎች እንደምንም አለፍኩ። አራተኛው ስለ ኅትመት ታሪክ ነበርና ሁሉም የሚጽፈውን ጉተንበርግን ጻፍኩ። ከቤቴ በአውቶቡስ ጥቂት መንገድ ተሄዶ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ሊባኖስ የመጣው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጦ በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን አሳትሟል። ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ እሱና ወንድሞቹ ደግሞ ፊደል መልቀም አይችሉም። እንዲያም ሆኖ ጨረሱት፤ ለስሕተቱም አንባቢን ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ፊደሉ ሁሉ በመዳፌ ባለ ስልክ ላይ ተደርድሮልኝ ጉተንበርግን ከሌላ ሰው ገልብጬ፣ አንድ ሁለት ቃል ቀይሬ ላክሁ። ይቅርታም አልጠየቅሁ።

አምስተኛው "በከተማችሁ ያለ አንድ ሐውልት" የሚል ነበር። ኮሎሴየምን ጻፍኩ! አሥር ዓመት ሙሉ፣ በየሐሙሱ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ከአገሬ ልጆች ጋር ተቀጣጥረን እንገናኛለን። አደባባዩ "ቺንኩዌቼንቶ" ይባላል፤ አምስት መቶ ማለት ነው። አምስት መቶው እነማን ናቸው ቢባል፣ በ1887 ጃኑዋሪ ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር ነው። ስማቸው የተጻፈበት የግብፅ ሐውልት ከዚያው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ቆሟል። ከለገሃር የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ ከሥሩ አስቀምጠውበት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጻ ሆኖ አልኖረም፣ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን በሚታሰሩበት ቤት ሞተ። እኛ በዚያ አካባቢ ሳንቡሳ እየበላን ስለ መኖሪያ ፈቃድ እናወራለን። ስለዚህ አንድ ገጽ ብጽፍ ማን ይከለክለኝ ነበር? አስተማሪው ከኮሎሴየሜ ግርጌ "ይህን ለመጻፍ ሮም መኖር አያስፈልግም" ብሎ ጻፈልኝና ለጥቂት አሳለፈኝ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት፣ ሽማግሌ ጠይቁ የሚለው ነው። ስለዚህ ወደ ሲኞራዋ ልመለስ። ሳን ሳባ ተወልደው፣ ሳን ሳባ አግብተው፣ ሳን ሳባ ያረጁ ሴት ናቸው። ከቤታቸው ቁልቁል በእግር አሥር ደቂቃ ቢኬድ ፖርታ ካፔና ይደረሳል፤ የአክሱም ሐውልት ለ66 ዓመት የቆመበት ቦታ። እንግዲህ እኚህ ሴት ድንጋዩ ሲመጣ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሲሄድ ደግሞ 75 ሞልቷቸዋል።

ሦስት ጊዜ ጀምረውልኛል። አንደኛው የተቀጠርኩ ዕለት ነው። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው "አቤቤ ቢኪላ!" ብለው በረንዳ ላይ ወጡና ቁልቁል በጣታቸው አሳዩኝ። "እዮ ቼሮ" አሉ፤ እዚያ ነበርኩ። እኔ ፈገግ ብዬ "አውቃለሁ" አልኳቸው። ምን አውቃለሁ? በ1960 ሴፕቴምበር 10 ማታ በባዶ እግሩ እንደሮጠ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እንደገባ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር እንደጨረሰ የማያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ የለም። በዚያች ሌሊት መንገድ ዳር ቆመው ያዩት ግን እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው የቆመው ጣሊያን ምን አለ? አጨበጨበ ወይስ ዝም አለ? ያ በአውቃለሁ ተዘጋ።

ሁለተኛው ምሽት ላይ ነው። "ድንጋዩን ሲያቆሙት አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ…" ብለው ጀመሩ። ምድጃ ላይ የጣድኩት ገነፈለ፤ ደግሞም ከአዲስ አበባ ስልክ እየጠበቅሁ ነበር። "ዶማኒ ሲኞራ" አልኳቸው፤ ነገ ይነግሩኛል። እሺ ብለው ዝም አሉ። ሰው የሚሰማቸው ሲያጡ የለመዱት ዓይነት ዝምታ ነው፤ አላስከፋቸውም። ባስከፋቸው ይሻል ነበር።

ሦስተኛው የሚያንገበግበኝ ነው። ኤፕሪል 2020፣ የቤት ሥራው በእጄ ላይ እያለ ነው። መስኮቱ ጋ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ባዶውን መንገድ እያዩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ሲያፈርሱት አለቀስኩ" አሉ። ሐውልቱን ነው። መብረቅ ከመታው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2003 መጨረሻ፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ የወረደበትን ቀን ነው የሚሉት። ለምን እንዳለቀሱ አልጠየቅሁም።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ገለበጥኩት! የልጅነት ሰፈራቸው ምልክት ስለሄደባቸው ነው? የአባታቸው እጅ ትዝ ብሏቸው ነው? ወይስ ሌብነቱ ስልሳ ስድስት ዓመት በመስኮታቸው ሥር ቆሞ ኖሮ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ ዘንድ ሲመለስ ዕፎይ ብለው ነው? የዚያ ትውልድ ጣሊያን ስለ እኛ ምን ተሰማው ለሚለው ጥያቄ አንድ ሙሉ መልስ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። እኔ "ብርድ ይመታዎታል" ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት።

የማስረከቢያው ቀን እሑድ እኩለ ሌሊት ነበር። እሑድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌ ፈጠርኩ። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ አደረግሁትና አፉን በሰው መጽሐፍ ሞላሁለት። ሽማግሌዬ የሐውልቱን ቁመት 24 ሜትር፣ ክብደቱን 160 ቶን ግድም ብሎ ተናገረ። ፋሺስቶች ወደ ሮም የዘመቱበትን 15ኛ ዓመት ለማክበር በ1937 ኦክቶበር 28 እንደቆመ፣ ከጀርባው ያለው የአፍሪካ ሚኒስቴር ሕንፃ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሆነ አብራራ። ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ የፈረመችበትን የ1947 የፓሪስ ውል አንቀጽ 37ን ሳይቀር ጠቀሰ። ይህን ሁሉ ስጽፍ ሲኞራዋ ሁለት ጊዜ በከዘራቸው ግድግዳውን አንኳኩተው ውኃ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ ገብቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ከአስተማሪው ኢሜይል መጣ። ርእሱ ላይ "ስለ ምስክርሽ" ይላል። ተያዝኩ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ፤ ሳልከፍተው ተውኩት። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ፣ ወር ሆነ። ጁን ውስጥ ከተማው ተከፍቶ፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ፣ ይውጣልኝ ብዬ ከፈትኩት። "ምስክርሽ የድንጋዩን ክብደት በቶን ያውቃል፤ የዚያን ቀን ምን ጫማ አድርጎ እንደነበር ግን አያውቅም" ይላል። ቀጥሎም እንዲህ ያለው ነገር ሲቸግር እንደሚያጋጥም፣ እውነተኛ ሰው ፈልጌ የድምፅ ቅጂውን እንድልክ ሁለት ሳምንት እንደጨመረልኝ ይናገራል። ቁጣ የለበትም። ሁለት ሳምንቱ ካለቀ አሥራ ሰባት ቀን አልፎታል፤ የዲግሪውም ዝርዝር ተዘግቷል። ለአስተማሪውም ሆነ ለትምህርት ቤቱ የማወጣለት ስም የለኝም፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልኝ?

ይህ ሁሉ የኮርሱ ቁጭት ነው፤ እሱን እንኳ እችለዋለሁ። የማልችለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሲኞራዋ ገና በሕይወት ነበሩ። ከጁን እስከ ጃኑዋሪ 2021 ድረስ ሰባት ወር አብረን ኖረናል። አእምሯቸው ንጹሕ ነበር፤ የሐኪም ቀጠሮ ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። የቤት ሥራው ካመለጠ ታሪኩ ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ አኩርፌ። ለካ እኔ የምፈልገው ታሪክ ሳይሆን ነጥብ ኖሯል። ይህን ስለ ራሴ ማወቄ ከዲግሪው መቅረት ይበልጥ አዋርዶኛል።

ጃኑዋሪ ውስጥ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው፤ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ልጃቸው ከሰሜን መጥታ ቤቱን ስታራግፍ አልጋ አብረን አነሳን። እየለቀምን ሳለ "እናቴ ከእናንተ ሐውልት ጋር የሆነ ነገር ነበራት አይደል? እኔ ብጠይቃት አትነግረኝም ነበር። ለአንቺ ነግራሽ እንደሁ ብዬ ነው" አለችኝ። "አልነገሩኝም" አልኳት። አልዋሸሁም።

አሁን የምሠራው ሌላ ሰፈር ነው። ባለፈው ሐሙስ በፖርታ ካፔና አለፍኩ። ሐውልቱ ከነበረበት አጠገብ በ2009 የቆሙ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ፤ ኒውዮርክ ላይ በሴፕቴምበር 11 ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። የእኛው ድንጋይ ከ2008 ጀምሮ አክሱም ላይ፣ በቦታው ቆሟል።

ስልኬ ውስጥ የሲኞራዋ ድምፅ አንድ ቅጂ አለኝ። ገበያ ወጥቼ ሳለ የላኩልኝ ነው፤ 11 ሰከንድ ይሆናል። ወተት እንዳትረሺ፣ እንቁላል ካገኘሽም ስድስት ይበቃል፣ ይላሉ።