የማይታየው ደመወዝ

ወሩ ሊያልቅ ሲል እኛን ሰላም የማይለን ሰው የለም። ሁለታችንም የአንድ የግል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ፔሮል ሰሪዎች ነን። ደመወዝ እስኪገባ ድረስ ተወዳጅ ነን፤ ከገባ በኋላ ማንም አያስታውሰንም። ስለ ትርፍ ሰዓት፣ ስለ ግብርና ስለ ጡረታ የሚጠይቀን ብዙ ነው። ስለ ዓመት እረፍት ግን የሚጠይቀን የለም። እኛም ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የወር ደመወዝተኛ እረፍት ወጣ አልወጣ ፔሮሉ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። 7,800 ብር የሚከፈለው ሰው ወሩን ሙሉ ቢሰራም 7,800፣ ግማሹን እቤቱ ቢያርፍም 7,800 ነው። ኤክሴላችን ልዩነቱን አያውቀውም። ስለዚህ «ይሄ የሰው ሃይል ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የሰው ሃይል ደግሞ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። በዚህ መሃል ያልታረፈው ቀን ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል። ዕዳው ብቅ የሚለው ሰው ሲለቅ ነው።

አንድ ቀን ስቶር ኪፐራችን መልቀቂያ አስገቡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ድፍን 4 ዓመት አገልግለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 1 ቀን ይጨምራል። ጋሼ የ3ኛውንና የ4ኛውን ዓመት አላረፉም። 17 እና 17፣ 34 ቀን መሆኑ ነው። ስራ ሲቋረጥ ደግሞ ያልተወሰደ እረፍት በገንዘብ ይከፈላል። እናም እንደለመድነው 7,800ን ለ30 አካፈልን፤ በቀን 260 ብር። በ34 ሲባዛ 8,840 ብር ሆነ። ወረቀቱን አሳየናቸው።

«ልጆቼ፣ ቀኑን ስትሰጡኝ እሁድን አልቆጠራችሁልኝም። ስታካፍሉ እሁድ ከየት መጣ?» አሉን።

ተያየን። እረፍቱ የሚቆጠረው በስራ ቀን ነው፤ እኛ ግን ያካፈልነው እሁዶቹን ጨምረን ነው። በሳምንት 6 ቀን የሚሰራ ሰው በወር 26 ቀን ገደማ ነው የሚሰራው። 7,800 ለ26፣ 300 ብር። በ34፣ 10,200 ብር። ልዩነቱ 1,360 ብር! በ30 አካፍሉ ብሎ ያዘዘን ሰው የለም። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው እንደዚያ ያካፍል ነበር፤ እኛም ፎርሙላውን ኮፒ አድርገን ቀጠልን። በዚሁ ፎርሙላ የሸኘናቸውን ሰዎች ስናስብ አፈርን።

አስተካክለን አስፈረምን። ጋሼ ሊፈርሙ ሲሉ ከእኛ አንዷ «ግን ለምን ሳያርፉ ቆዩ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አምና እናቴን ልጠይቅ ጎጃም ልሄድ ብዬ 17 ቀኔን ጠይቄ ነበር። ቆጠራ ደርሷል፣ ሌላ ጊዜ አሉኝ። በኋላ ስታርፍ የሃዘን ፈቃድ 3 ቀን ሰጡኝ። መንገዱ ሁለቱን ቀን በላው።»

ፈርመው ወጡ።

ህጉ አሰሪው ስራው ሲያስገድደው እረፍት እንዲያዘዋውር ይፈቅድለታል፤ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይደለም። ሰራተኛው «እረፍቴን ትቻለሁ» ብሎ ቢስማማ እንኳን ስምምነቱ ዋጋ የለውም። ስራ ላይ ያለን ሰው «አትረፍ፣ ብሩን ውሰድ» ማለትም ክልክል ነው። ድሮ ይሄ ክልከላ አይገባንም ነበር። ብር የሚጠላ አለ እንዴ እንል ነበር። የጋሼን 10,200 ብር ከከፈልን በኋላ ግን ገባን። የሂሳቡን ስህተት አርመነዋል። ያቺን 17 ቀን ግን በየትኛው ቁጥር አካፍለን እንመልሳታለን?

አሁን ፔሮላችን ላይ አንድ ኮለም ጨምረናል፤ «ያልታረፈ ቀን» ይላል። በየወሩ ከደመወዝ ስሊፑ ጋር ለእያንዳንዱ ሰው ይደርሰዋል። ሃላፊዎቻችን በመጀመሪያው ወር ድምሩን አይተው ደነገጡ። በሁለተኛው ወር የእረፍት ፕሮግራም ወጣ።

በነገራችን ላይ፣ የእኛን ቀን ስንቆጥር አንዳችን 21፣ አንዳችን 19 ቀርቶናል። የእናንተስ ስንት ነው?