ድመትና የመብራት ገመድ

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፥ ድመትን በቤቱ ለሚያኖር ሰው በቀጥታም ይሠራል። ድመት በዓይኗ ፊት የሚንቀሳቀስ ቀጭን ነገር ካየች ትዘላለች፤ ከያዘችም ትነክሳለች። የአይጥ ጅራት ይሁን የመብራት ገመድ፥ ለእርሷ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ለእኛ ግን ልዩነቱ 220 ቮልት ነው።

እኔ የምኖረው እንደ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ፥ ከእርሱ የተሳበው ማከፋፈያ ለራዲዮኑ፥ ለካውያውና ለእጅ ስልኩ እንዲዳረስ ክፍሉን ያቋርጣል። አይጥ ቢያስቸግረኝ አንዲት የድመት ግልገል አመጣሁ፤ ስሟንም እንደ ልማዳችን ውሮ አልኋት። እነሆ፥ ገመዱን ከአይጥ ጥርስ የምትጠብቀው ድመት ራሷ ከገመዱ መጠበቅ ያሻት ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ፥ ለመሞረድ ሲል ያገኘውን ሁሉ ይቈረጥማል። ድመት ግን ማኘክ የሚብስባት በልጅነቷ ነው። 26ቱ የወተት ጥርሶቿ ከ3ኛው ወር በኋላ እየረገፉ፥ እስከ 6ኛው ወይም 7ኛው ወር ድረስ በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያን ጊዜ ድዷ እረፍት ይነሣታል፤ ለስላሳው የገመድ ልባስም ለማኘክ ይመቻታል። ጥርሷ ልባሱን አልፎ የመዳቡን ሽቦዎች ያገኘ እንደሆነ፥ እርጥብ ምላሷ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆናል። ከንፈሯና ምላሷ ይቃጠላሉ፤ ልቧም ሊቆም ይችላል።

ይህን ነገር ለቤቱ እመቤት ባጫወትኋቸው ጊዜ ሳቅ ብለው፥ «ልጄ፥ ድመት ቢቈጧት መች ትሰማለች! ሥጋውን መክደን ነው እንጂ» አሉኝ። ከብዙ ምክር ይህ አንድ ቃል በለጠብኝ፤ እኔም ገመዱን መክደን ያዝሁ። ከፊሉን ከአልጋውና ከሣጥኑ ኋላ አሳለፍሁት፤ መሬት ለመሬት የሚሄደውንም በወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባሁት። የማልሠራበትን ዕቃ ከሶኬቱ እነቅላለሁ፤ ዕቃው በራሱ ማጥፊያ ቢጠፋም ገመዱ እስከ ማጥፊያው ድረስ ኃይል አለውና። መብራት በሄደ ጊዜም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ሙት የመሰለው ገመድ ሳይታሰብ ነፍስ ይዘራልና። ለውሮም የምታኝከው ጠንካራ መጫወቻ ሰጠኋት፤ ማታ ማታም ጥቂት አጫውታታለሁ። ክር ግን አልሰጣትም፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይጎዳልና።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ድመታችሁ ገመድ ነክሳ ብትደርቅ በእጃችሁ አትንኳት፤ እርሷን የያዘው ኃይል እናንተንም ይይዛችኋል። በመጀመሪያ የቤቱን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ዘንድ አጥፉ፤ ቀጥላችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ተነሥታ ብትራመድም ድናለች ብላችሁ አትተዉ፤ በሳንባዋ ውስጥ ውሃ የሚቋጥረው ሕመም ከሰዓቶች በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም በማግሥቱ ይመጣል። አፏን ከፍታ በችኰላ የምትተነፍስ ድመት ነገን የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ድመት ነውን? የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ልባሱ የተነከሰ ገመድ ቤት ያቃጥላል፤ የሚድህ ሕፃንም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ስለዚህ ለድመት የተከደነ ገመድ ለሕፃኑም ለእንግዳውም የተከደነ ነው። ደመወዝ በተቀበልን ቍጥር ዕዳችንን እንቈጥራለን፤ በዚያው ቀን ገመዳችንንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ብንመረምር፥ የተላጠውንም ብንለውጥ መልካም ነው። ከሁለቱ ሥራ ይልቅ ቀላሉ ይህኛው ነው።