ከሰቆጣ በታች ያለው መስመር

መስከረም ሲጠባ ሰቆጣ ላይ ትናንሽ ወፎች ከሰሜን ይመጣሉ። አያታችን «ከባሕር ማዶ ናቸው» ሲሉን እንስቅ ነበር። ልክ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ቮልፍጋንግና ሮስቪታ ቪልችኮ የወፍ ኮምፓስ እንደ እኛው ኮምፓስ ሰሜንና ደቡብን እንደማይለይ አሳዩ፤ ወፏ የምታነበው የመሬት መግነጢስ ወዴት እንዳዘነበለ ነው። ጉዱ ታዲያ ከሰቆጣ በታች ነው! የመግነጢስ ወገብ ኢትዮጵያን በሚያቋርጥበት መስመሩ አግድም ይተኛል። ከዚያ ወዲያ በድሮው ንባቧ የቀጠለች ወፍ ወደ መጣችበት ትመለስ ነበር። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1992 ግን ላቦራቶሪ ውስጥ አግድሙን የቀመሱ ወፎች ንባባቸውን ገልብጠው አገኟቸው።

እኛም ወደ አዲስ አበባ የወረድነው በዚያው አቅጣጫ ነው። በ2014 ዓ.ም. መስከረም፣ ጦርነቱ ዋግ ውስጥ ሳለ፣ የአያታችን ስልክ አልሠራ አለ። ወፎቹ ግን መጡ። ቀና ብለን እያየን ሰነበትን፤ በሰቆጣ በኩል ያለፈችው የትኛዋ ትሆን?