ብርሃን ይግባ፣ ዓይን አይግባ

ቤታችን ሐዋሳ ነው፤ ጉዱማሌ አጠገብ። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ የሚያከብረው ጉዱማሌ ላይ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የበዓሉ ዕለት ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይመጣል። በአዘቦት ቀንም ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። የሚያልፈው ደግሞ በእኛ መስኮት ሥር ነው።

ሰው ማለፉ ደግ ነው። ችግሩ ሲያልፍ ወደ ውስጥ ማየቱ ነው። ምራቴ ወልዳ አራስ ስትሆን ነገሩ ባሰብን። መስኮቱን በጋቢ ጋረድነው። የሚያየን ጠፋ፤ ግን ቤቱ በቀን ጨለመ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አሁን ዓይኔ ደክሟል። ጥሩ ብርሃን ከሌለ ማንበብ አልችልም። ታዲያ አራሷ እንዳትታይ ብዬ ማንበቤን ልተው? ወይስ ላንብብ ብዬ አራሷን ለመንገደኛ ላሳይ?

ልጄ «መስታወቱም ተሰነጣጥቋል፤ እንቀይረው» አለ። ከውጭ ሲያዩት የራስን መልክ የሚያሳይ፣ የሚያብለጨልጭ መስታወት ገዝቶ አስገጠመ። በቀን ጥሩ ነበር። ጎረምሶች እየቆሙ ጸጉራቸውን ያበጥሩበት ነበር። እኛም ከውስጥ እያየናቸው እንስቅ ነበር።

አንድ ማታ ከጎረቤት ቡና ጠጥቼ ስመለስ ግን ደነገጥኩ። ቤት ውስጥ መብራት በርቷል። ምራቴ ልጇን ታጠባለች። መንገድ ላይ ሆኜ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሁለት ሰዎችም ቆመው ያያሉ። ሮጬ ገብቼ መብራቱን አጠፋሁ። ምክንያቱን ስነግራት ምራቴ አንገቷን ደፋች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ መስታወት የሚደብቀው በጨለማው ወገን ያለውን ነው። ቀን ውጭው ብሩህ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ማታ መብራት ሲበራ ግን ውስጡ ብሩህ ይሆናል። ያኔ ከውጭ ያለው ሰው ሁሉን ያያል።

በማግስቱ ከልጄ ጋር መስታወት ቤት ሄድኩ። ባለ ሱቁን «ልጄ፣ ብርሃን የሚያስገባ፣ ሰው የማያሳይ ስጠኝ» አልኩት። ፊታቸው እንደ ጉም የደበዘዘ ሁለት መስታወቶች አመጣ።

«እማማ፣ በጣትዎ ይንኳቸው» አለኝ።

አንደኛው ሻከረኝ። አሸዋ በኃይል ተነፍቶበት የተፋቀ ነው። ሁለተኛው ለሰለሰኝ። እሱ በአሲድ የተሠራ ነው። ሻካራው የእጅ እድፍ ይይዛል፤ ለማጽዳትም ያስቸግራል። ለስላሳው ግን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ይጸዳል። ለስላሳውን መረጥኩ።

ቀጥሎ የደበዘዘውን ፊት በውኃ ነካ አደረገው። ውኃ የነካው ቦታ ጠራና ጣቱ ከኋላ ታየ። «ስለዚህ ለመታጠቢያ ቤት ሲሆን፣ የደበዘዘው ፊት ውኃ ወደማይረጭበት ወገን ይዞራል። ለመስኮት ሲሆን ዝናብ እንዳይነካው ወደ ውስጥ ይዞራል» አለኝ።

እኔም እጄን ከመስታወቱ ኋላ አስጠጋሁ። ጣቶቼ ታዩ። አንድ ክንድ ያህል ሳርቃቸው ጠፉ። ከዚህ አንድ ነገር ተማርኩ። ማታ መስታወቱን የተጠጋ ሰው ጥላው ይታያል። ስለዚህ የአራሷን አልጋ ከመስኮቱ አራቅን። ማታ ማታም ስስ መጋረጃ እንጋርዳለን።

ለበሩ ደግሞ በእሳት ተግሎ የጠነከረ መስታወት ወሰድን። እንዲህ ያለው ሲሰበር እንደ ጠጠር ይበተናል እንጂ እንደ ቢላ አይቆርጥም። ልጅ ላለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንዴ ከጠነከረ በኋላ መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ የበሩን ልክ አስቀድሞ በደንብ መውሰድ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ። የደበዘዘ መስታወት ሰው እንዳያየን ያደርጋል፤ እኛም ውጭውን አናይም። እኔ ደግሞ የጉዱማሌን ዛፎች ሳላይ መዋል አልወድም። ልጄ መላ አገኘ። የመስኮቱን ታች በደበዘዘው፣ ላዩን ጥርት ባለው መስታወት አስገጠመ። አሁን ሰማዩንና የዛፎቹን ጫፍ አያለሁ።

እናንተም መንገድ ዳር ቤት ያላችሁ፣ መስታወት ስትመርጡ በቀን ብቻ አትዩት። ማታ መብራት አብሩና ውጭ ቆማችሁ እዩት። የቤት ገበና የሚታየው ማታ ነው።

ዛሬ ምራቴ ሳትሳቀቅ ልጇን ታጠባለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ በመስኮቱ ብርሃን አነባለሁ። ጋቢውንም ከመስኮቱ አውርጄ ለብሼዋለሁ።