«እናቴ በደስታ አለቀሰች»

ዛሬ አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ።

ከዳባት ገጠር መጥቶ ጎንደር ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አስተምር ነበር። በእንግሊዝኛ ድርሰቱ ላይ «ማይ ማዘር ክራይድ ሃፒሊ» ብሎ ጻፈ። እኔም ለቅሶና «ሃፒሊ» ምን አገናኛቸው ብዬ በቀይ ሰረዝኩበት፤ ነጥብም ቀነስኩ። ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣ።

«ቲቸር፣ እናቴ እኮ ያለቀሰችው ደስ ብሏት ነው። መንገድ ተዘግቶ ስንት ወር ሳንተያይ ቆይተን፣ ስንቅ ይዛልኝ የመጣች ቀን ነው።»

አፈርኩ። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዳር እናቶች እንባቸውን እየጠረጉ እልል ሲሉ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ!

ለፈተና የምትዘጋጁ ይቺን ያዙ፦ ሰው ወዶና ፈቅዶ ሲያደርግ «ግላድሊ»፣ ደስታው ፊቱ ላይ ሲነበብ «ቺርፉሊ»፣ ከውስጥ ሞልቶ ሲፈስ «ጆይፉሊ»። «ሃፒሊ» የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ከገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ደግነቱ» ማለት ነው።

ለእናቱ እንባ «ጆይፉሊ» ይሻል ነበር። የልጁ ግን ስህተት አልነበረም። የቀነስኩትን ነጥብ መለስኩለት፤ ያውም «ግላድሊ»!

የእናንተስ እናት በደስታ ያለቀሰችው መቼ ነው?