የአባታችን በገና

አሮጌ ዕቃ ለማደስ እጁን የሚዘረጋ ሰው አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ይህን እኛ የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በአባታችን በገና ላይ ካደረስነው ጥፋት ነው።

አባታችን በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ይደረድሩት የነበረው በገና፥ እርሳቸው በ1983 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። በ2015 ዓ.ም. ጾሙ ሊገባ ሲል እናታችን «ዓይኔ ሳይከደን ድምፁን አንድ ጊዜ ብሰማው» ስላሉን፥ እኛ ልጆቻቸው ልናድሰው አወረድነው። ከ10ሩ አውታር የቀሩት 4 ብቻ ነበሩ። በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳም ተሰንጥቆ ነበር፤ ሁለቱ ምሰሶዎችና ቀንበሩ ግን ደኅና ነበሩ።

በመጀመሪያ ያደረግነው አቧራውን ማራገፍ ነው። በብርኩማው ላይ የጠቈሩና የተጨማደዱ ትንንሽ የቆዳ ቍራጮች አገኘን፤ አይጥ የተወችው ትራፊ መስሎን ከጥራጊው ጋራ ጣልናቸው። ቀጥለንም እርጥብ የፍየል ቆዳ በገበቴው ላይ አልብሰን ሰፋንና ቶሎ እንዲደርቅ ብለን ፀሐይ ላይ አኖርነው፤ ቆዳው በድንገት ተኰማትሮ ከስፌቱ ተቀደደ። ሁለተኛውን ግን በጥላ ውስጥ ታግሠን ብናደርቀው እንደ ከበሮ ተወጠረ። አውታሩ በጥንቱ ልማድ ከበግ አንጀት የሚፈተል ቢሆንም፥ ዛሬ ብዙዎች እንደሚያደርጉት የናይሎን አደረግንበት።

ከዚህ በኋላ መቃኛዎቹን አጥብቀን ብንደረድረው ድምፁ ደረቅና አጭር ሆነ። እናታችን ጥቂት አዳምጠው «ይህ የእርሳቸው አይደለም» አሉና ፊታቸውን መለሱ።

እጅግ አፈርን። በገናውን ተሸክመን ወደ አንድ የበገና መምህር ብንሄድ፥ ብርኩማውን በጣታቸው ዳብሰው «ልጆቼ፥ እንዝራዎቹን ምን አደረጋችኋቸው?» ሲሉ ጠየቁን። ለካ በገናን እንደ ንብ የሚያስጕመጕመው በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ያ የቆዳ ቍራጭ ኖሮአል! አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል፤ ቆዳው ከቦታው ጥቂት ፈቀቅ ቢል ግን ድምፁ ይታፈናል። መምህሩ 10 አዲስ እንዝራ ቈርጠው እያንዳንዱን ከአውታሩ ጋራ እስኪያስማሙ ድረስ ቀኑ መሸ።

በዚያው ሌሊት በገናው በቤታችን ጕምጕምታውን አሰማ። እናታችን አንዳች ቃል አልተናገሩም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ እንጂ።

እኛ ግን ደስታችን ሙሉ አልነበረም። አዲሶቹ እንዝራዎች መልካም ይነዝራሉ፤ አባታችን በገዛ እጃቸው ያስማሟቸው ግን ከጥራጊው ጋራ ሄደዋል፤ አይመለሱም። ስለዚህ የወላጆቻችሁን ዕቃ ለማደስ የምትነሡ ሁሉ፥ መጥረጊያ ከማንሣታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። እኛ ትራፊ ብለን የጣልነው የበገናው ድምፅ ነበርና።